ወንድም የሌለው ቪዲዮ

ለክቡር የሦስተኛው ዓይን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራ አስኪያጅ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለዓይንዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። ሦስት ዓይን ያለው ተቋም የሚመራ ሰው ከእኛ ከባለ ሁለቶቹ ይልቅ ድካሙ እንደሚበዛ ስለምገምት፣ እግዚአብሔር ሁሉንም በየተራ እንዲያሳርፍልዎ እለምናለሁ። እኔ ሰርካለም ተካ እባላለሁ፤ ወልቂጤ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት አለኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ከዚህ በፊት በግል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ቢሮዎ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጠው እንዳይነኩ ተከልክሎ እንደሆነ እገምታለሁና አልቀየምኩም።

ደጅዎ እንዴት እንደደረስን በአጭሩ ላስረዳ። ቡኢ የሚኖሩት አክስቴ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ልጃቸውን ሊድሩ ጠሩን። አባቴ አቶ ተካና እኚህ ታናሽ እህታቸው ለስምንት ዓመት ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ታላቅ ወንድማቸው የሞቱ ጊዜ አባቴ መርዶውን የሰሙት ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ያውም ገበያ መሐል ከማያውቁት ሰው አፍ ነው። እህቴ እንደ ባዳ ቆጠረችኝ ብለው ዘጉ። አክስቴ ደግሞ ወንድሜ ምን ሆነሽ ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም ብለው ዘጉ። የሠርጉ ጥሪ ሲመጣ አባቴ ብዙ አስበው፣ ልጅቱን መርቀው ሊመለሱ፣ እናቲቱን ግን ላያነጋግሩ ተስማምተን ተነሣን።

ከወልቂጤ ተነሥተን ተራራውን ተሻግረን ቡታጅራ ስንገባ ልባቸው አመነታ። ምሳ እንብላ አሉ። ከምሳ በኋላ ጫማዬን ላስጠርግ አሉ። ጫማቸው ተጠርጎ ሲያበቃ የሙዚየምዎን ሰሌዳ አዩና እንግባ አሉ። ቡኢ መድረሳቸውን የሚያዘገይ ነገር ሁሉ በዚያን ዕለት ደስ ያሰኛቸው ነበር፣ ዘመናዊ ጥበብ ቢሆንም እንኳ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበሉ አመሰግናለሁ። ትኬት የምትቆርጠው ወጣት መብራት ቢጠፋ ገንዘብ እንደማይመለስ ገና ሳንጠይቃት አሳወቀችን፤ ለጎብኚ ከመነሻው እውነቱን የሚነግር ተቋም ብርቅ ነው። ቀጥላም የአባቴ ከዘራ ሥራዎቹን ሊነካ ይችላል ብላ ተቀብላ አስቀመጠችው። በዚህም የተነሣ አባቴ ጉብኝቱን በሙሉ በትከሻዬ ተደግፈው አደረጉ። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ተቀራርበን ስለማናውቅ ውለታዎን አልረሳም፤ ትከሻዬም አልረሳውም።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው አዳራሽ አመሰግናለሁ። በውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች አየን። አባቴ ቆም ብለው የወረፋው መጨረሻ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። የጥበብ ሥራ መሆኑን ብነግራቸው፣ ታዲያ ውኃው መጥቷል ወይስ አልመጣም አሉ። መልስ ባገኝ ብዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ሥራው የሕላዌን ባዶነት ከቦታ የለሽነት ጋር በማፋጠጥ የተመልካቹን የእይታ ሥልጣን ያፈርሳል ይላል። እኔ የመድኃኒት መመሪያ በማንበብ የምተዳደር ሴት ነኝና ከሥሩ የጎንዮሽ ጉዳቱን ፈልጌ አጣሁ። አባቴ ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጠው፣ አልመጣም ማለት ነው አሉና አለፉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጨለማው ክፍል። በበሩ ላይ “እጥበት” የሚል ርዕስ ያለው ቪዲዮ እንደሚታይበት ተጽፏል። ልክ ወንበር ይዘን እንደተቀመጥን መብራት ጠፋ። አብራን የገባችው አስጎብኚ ጄኔሬተሩን ላስነሣ ብላ ወጣች፤ እስከዛሬ እያስነሣችው ከሆነ በርቺ በሉልኝ።

አራተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን በተራ ቁጥር አልሄድ ስላለኝ እንዳለ እነግርዎታለሁ።

በጨለማው ውስጥ የክፍሉ ጥበቃ አቶ ሸምሶ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የመስቃን ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ ይጠጋል። አባቴ እህ ብለው ለመነሣት ሲታገሉ ሰምተው፣ እባክዎን ትንሽ ይታገሡ፣ ሊመጣ ይችላል አሉ። አባቴ ለመሆኑ ምን ልናይ ነበር ብለው ጠየቁ። አቶ ሸምሶ በየዕለቱ ሲያዩት የከረሙትን ነገር በሁለት ቃል ሊነግሩ ጀመሩ፤ አንዲት ሴት ወንዝ ዳር ተቀምጣ ነጠላ ታጥባለች አሉ። አባቴ እንዴት አድርጋ አሉ። እኔ የስልኬን መብራት አበራሁ። አቶ ሸምሶ የደንብ ልብስ ጃኬታቸውን አውልቀው፣ ከነጩ ግድግዳ ፊት ቁጢጥ ብለው፣ በሌለ ውኃ ያጥቡት ጀመር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ቲያትር ብዙ አላየሁም። ነገር ግን ያ ሰው ጃኬቱን ሲያሽ፣ ሲጨምቅ፣ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ እድፉን ሲፈልግና እንደገና ሲነክር ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጃቸውን አቆሙና ቀና አሉ። እዚህ ላይ ቀና ትላለች አሉ።

አባቴ ምን አይታ ነው አሉ። አቶ ሸምሶ መንገዱን ነው መሰለኝ አሉ። ማን ሊመጣ ነው አሉ አባቴ።

አቶ ሸምሶ ይህን ጊዜ አሰቡበት። “ቪዲዮው አይናገርም” አሉ። “እኔ ግን በየቀኑ ሳያት ወንድም የምትጠብቅ ይመስለኛል። ሴት ባሏን ስትጠብቅ እንዲህ አታይም፣ ባል ሲያመሽ አስተያየቷ ሌላ ነው።”

“ወንድሟ ለምን አይመጣም?” አሉ አባቴ።

“ምናልባት መልእክቱ አልደረሰው ይሆናላ።”

በጨለማው ውስጥ የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ። ከዚያ ምርመራ እንደሚያካሂድ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “መልእክተኛው ማን ነበር?” አሉ።

አቶ ሸምሶ ጃኬታቸውን እንደጨበጡ አዘኑ። “እሱን አላውቅም አባባ፣ ቪዲዮው ላይ አይታይም” አሉ።

እርስዎ የገቡት በዚህ ሰዓት ነው። ከኋላዎ እንግዶች ነበሩ፣ የሁሉም ስልክ በርቶ ነበር፤ በሙዚየምዎ ውስጥ በዚያን ዕለት ከታየው ብርሃን ሁሉ ትልቁ እርስዎ ይዘውት የመጡት እንደነበር በታሪክ ፊት እመሰክራለሁ። አቶ ሸምሶን ጥበቃ ነህ ወይስ ተዋናይ ብለው ጠየቋቸው። መብራት ጠፍቶ ነው ጌታዬ አሉ። መብራት ሲጠፋ ሥራህ በሩን መጠበቅ ነው አሉ እርስዎ። አቶ ሸምሶ ጃኬታቸውን አራግፈው ለበሱና ወደ በሩ ተመለሱ። አባቴ ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ ብለው ሊያስረዱ ቢሞክሩ፣ እርስዎ ፈገግ ብለው አባታችን ይህ የውስጥ አሠራር ነው አሏቸው። ሽማግሌን በዚህ ትሕትና ከበር ማስወጣት እንደሚቻል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበርና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጫማም አላስጠረጉም፣ ሻይም አላሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው እስከ ቡኢ ድረስ በመስኮት እያዩ ሄዱ። ከአክስቴ ግቢ ስንደርስ ድንኳኑ እየተተከለ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። አባቴ ከበሩ ላይ ቆሙ። እንግባ ብላቸው አልነቃነቅም አሉ። ልጆቹ ሮጠው ነግረዋቸው አክስቴ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ወጡ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድምና እህት ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ በበኩሌ አባቴ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሊሉ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

“መልእክተኛው ማን ነበር?” አሉ አባቴ።

አክስቴ ምን መልእክተኛ ብለው አልጠየቁም። ለጥያቄው ስምንት ዓመት ተዘጋጅተው የኖሩ ሰው ይመስሉ ነበር። “ባልቻ ነዋ” አሉ። “ገና ሳይነጋ ነው ወደ ወልቂጤ የላክሁት። ቡታጅራ ላይ ጠጥቶ እዚያው ቀረ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እህቴ አልላከችብኝም ብለህ ካመንክ፣ እኔ ምን ብዬ ልንገርህ፣ ጋሼ?”

የተባለው ባልቻ የአክስቴ ጎረቤት ነው፤ በዚያች ሰዓት ድንኳኑ አጠገብ የጠላ ጋን እያንከባለለ ነበር። የስሙን መነሣት ሲሰማ ጋኑን ለቀቀውና መጥቶ አባቴ እግር ላይ ወደቀ። አባቴ ባልቻን አላዩትም። እህታቸውን አቅፈው ለወንድማቸው ያላለቀሱትን ልቅሶ እዚያው በር ላይ አለቀሱ፤ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶችም ቢላቸውን አስቀምጠው ተከተሏቸው። የሠርግ ቤት በር ላይ እንዲህ ያለ ልቅሶ ገጥሞኝ አያውቅም። ሙሽሪት ደንግጣ በመስኮት ብቅ ብትል፣ አይዞሽ የቆየ ነው ብለው መለሷት። ባልቻ ይቅርታ እስኪደረግለት ድረስ ከመሬት አልነሣም ብሎ ለረጅም ጊዜ መንገድ ዘግቶ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ በላዩ እየተራመደ ነው ድንኳኑ ተተክሎ ያለቀው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምነግርዎ ሙዚየምዎ በሀገር ውስጥ ስላመጣው ውጤት ለሚመለከተው አካል የሚልኩት ሪፖርት ካለ እንዲያካትቱት ነው።

አባቴ ከሠርጉ በኋላ እህታቸው ዘንድ ከረሙ። ከቅልቅሉ በኋላ ልወስዳቸው ስመጣ አክስቴ ለብሰው ተዘጋጅተው ጠበቁኝ፤ ወንድማቸውን ያመጣላቸውን ቪዲዮ ሳያዩ እንደማይቀሩ ነገሩኝ። እንደገና ደጅዎ ቀረብን። ከዘራው እንደገና ተወሰደ፤ ትከሻዬ አሁን ልምድ ነበረው። በዚህ ቀን መብራት ነበር፣ አቶ ሸምሶ ግን አልነበሩም። በቦታቸው፣ የጥበቃ ሠራተኞች ስለ ሥራዎቹ መናገር፣ ማብራራትም ሆነ በአካል እንቅስቃሴ ማሳየት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። “በአካል እንቅስቃሴ” የሚለውን የጨመሩበት ጥንቃቄ አስደንቆኛል። ስንጠይቅ፣ ጥበባዊ ሥራን ያለ ፈቃድ በመተርጎም ጥፋት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ወደ ኋላ በር መዛወራቸውን ሰማን። የኋላ በሩ ወደ ቆሻሻ መጣያው የሚያስወጣ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል ለመተርጎም የሚያስቸግር ነገር እንደሌለ አይቼ አረጋግጫለሁ።

ተቀምጠን ቪዲዮውን አየን። ሴትዮዋ አጠበች። ጨመቀች። ቀና አለች። አጠበች። አክስቴ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ይጠባበቁ ነበር። ቪዲዮው አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ሲነሣ ዞር ብለው ወንድሙስ አሉኝ። እርስዎ በዚያ በኩል ሲያልፉ አስቆሙዎትና በአክብሮት ጠየቁዎት፤ የእኔ ጌታ፣ ወንድሙ የሚመጣው መቼ ነው አሉ።

ያኔ የሰጡትን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “እመቤቴ፣ ይህ ሥራ ወንድም የለውም። ሥራው የሚናገረው ስለ ድግግሞሽ ነው” አሉ።

“ድግግሞሽማ ቤቴም ሞልቷል” አሉ አክስቴ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በመውጫው ላይ ከሚሸጡት ካርዶች አንዱ ላይ ቪዲዮውን የሠራችውን ሠዓሊ ስልክ አግኝቼ ደወልሁ። መሕቡባ ትባላለች፣ የዚያው የቡታጅራ ልጅ ናት። እኔ ክስ ይዤ ብደውልም እሷ ግን ሳቀች። ሴትዮዋ እናቴ ናት አለችኝ። ካሜራው ባትሪ እስኪጨርስ እጠቢ ብያት እንጂ ነጠላውስ ገና በመጀመሪያው ጸድቶ ነበር አለች። ቀና የምትለውስ ማንን አይታ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

“እኔን ነው” አለች። “አይበቃም ወይ እያለችኝ ነው። ድምፁን አጥፍቼው ነው።”

ስለ አቶ ሸምሶ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። በማግስቱ ወደ ኋላ በሩ ሄዳ፣ ከቆሻሻ መጣያው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የገዛ ቪዲዮዋን ከአቶ ሸምሶ አፍና እጅ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ቀጥታ እርስዎ ቢሮ ገባች። ሰውየው ከእንግዲህ ከሥራዬ ጎን እንዲቆምና ለሚጠይቀው ሁሉ እንዲናገር እፈልጋለሁ ብላ ጠየቀች። ኮሚቴ ያየዋል አሏት። ኮሚቴው እነማን እንደሆኑ ብትጠይቅ፣ እሱንም የሚወስን ኮሚቴ እንደሚቋቋም አስረዷት። እሷም የቪዲዮውን ፍላሽ ነቅላ ኪሷ ከትታ ወጣች። ክፍሉ እስከዛሬ በነጭ ግድግዳው እየታየ እንደሆነና አንዳንድ ጎብኚዎች ከቀድሞው ይልቅ እንደወደዱት ስለሰማሁ እንኳን ደስ ያለዎት።

አቶ ሸምሶ የዓመት ፈቃዳቸውን ጠየቁ፤ ይህን ፈቃድ ሳያንገራግሩ ስለሰጧቸው በእውነት፣ ያለ አሽሙር አመሰግናለሁ። መሕቡባ ወልቂጤ አንድ አዳራሽ ለመነችና ቪዲዮዋን ግድግዳ ላይ ለቀቀች፤ እሳቸውም ከጎኑ ቁጢጥ ብለው ተናገሩ። አዳራሹ ሞላ። ባለባጃጆች መንገድ ዳር አቁመው ገቡ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ልጆች ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አባቴና አክስቴ ከፊት ነበሩ፤ ወንድሙ ከወልቂጤ በኩል ነው የሚመጣው ወይስ ከቡኢ በኩል በሚል ሲከራከሩ ሁለት ጊዜ ዝም በሉ ተባሉ። የመሕቡባ እናት ወይዘሮ ኡሚም መጥተው ነበር። ስለ ራሳቸው የተነገረውን ሁሉ በጽሞና ሰምተው ሲያበቁ ልጃቸውን ጎተት አድርገው፣ ወንድም እየጠበቅሁ መሆኔን ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ በደንብ አጥብልሽ ነበር አሏት።

አቶ ሸምሶ ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ጃኬታቸውን ሲለብሱ ከፍቷቸው ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ልጆች የማሳድገው በደመወዜ ነው፣ ሰኞ ወደ ኋላ በሩ እመለሳለሁ፣ ይህን ደግሞ ከሰሙ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ይጽፉብኛል አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ጭብጨባ በኋላ ይዘውት የሄዱት ይህንን ሥጋት ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ይቆይ። የግድግዳው ጽሑፍም ባለበት ይሁን፣ እኛ ለምደነዋል። ነገር ግን በአቶ ሸምሶ ላይ የጻፉትን ማስጠንቀቂያ ይሰርዙና እኚህን ሰው ወደ ክፍላቸው ይመልሷቸው፤ መሕቡባም ፍላሿን የዚያኑ ቀን ይዛ እንደምትመጣ ቃል ሰጥታኛለች። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍ ከሆነ፣ ምስክር ሆነን የምንቆም ሰዎች አዳራሽ የሚሞላ ቁጥር እንዳለን በትሕትና አሳስባለሁ፤ ባልቻም ከእኛ ጋር ነው፣ በዚህ ጊዜ ሳይጠጣ እንደሚደርስ ምሏል።

ለሚያባክኑት ውድ ጊዜ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የተቋምዎ ግድግዳዎች እንዲበዙ፣ ኮሚቴዎችዎም ልጅና የልጅ ልጅ እንዲያዩ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የአቶ ተካ ልጅ
ሰርካለም ተካ
ወልቂጤ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለማንበብ ጊዜ ካጡ አይቸገሩ፤ ወደ ኋላ በር ወርደው አቶ ሸምሶን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ከመላኬ በፊት አንብቤላቸው በቃላቸው ይዘውታል። እንደ ልማዳቸው ግን ያልነበረ ነገር ጨምረውበታል፤ በእሳቸው አተራረክ እርስዎ መጨረሻ ላይ መጥተው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው ላይ የለም ብላቸውም አልሰሙኝም።